ሜዳችንን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች

በመብራት የሚበር አውሮፕላን የሚያመርት ኩባንያ ለፋብሪካው ቦታ ሊመርጥ ወደ እኛ አካባቢ እየመጣ ነው የተባለ ሰሞን፣ ጎረቤታሞቹ ወረዳዎች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንደ ጣውንት ተያዩ። እስቴዎች «ከተማችን መካነ ኢየሱስ እስከ ደብረ ታቦር አውቶቡስ አላት» አሉ። ጋይንቶች አርብ ገበያን ተማምነው፣ «ሠራተኛ የሚፈልግ አርብ ቀን መጥቶ ሰዉን ይየው» ብለው ኮሩ። እኛ ስማዳዎች የምንጠቅሰው ብናጣ በጉድለታችን ተመጻደቅን፤ «የከተማችንን የወገዳን መንገድ የሚያህል ክፉ መንገድ የለም። አውሮፕላን ለእኛ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» ይህን ክርክር ስልክ ሊያሠራ ለመጣ ሁሉ ሳልሰለች እደግም ነበር።

ኤሌክትሪክ ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ግን ወገዳ ላይ በፀሐይ ኃይል ስልክ ቻርጅ ማድረግና የተሰነጠቀ ስክሪን መቀየር ነው። አባቴ «መሐንዲሱ ልጄ» እያሉ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ እናቴ ወደ ሌላ ትዞራለች። ፋብሪካው ከመጣ እቀራለሁ፣ ካልመጣም አገር ጥዬ ሥራ ፍለጋ እሄዳለሁ ብዬ ለሁለቱም ነግሬያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ አውሮፕላን ከእኔ በላይ ይጨነቁ ጀመር።

የተፈለገው መሬት መንደሩ ከብቱን በጋራ የሚያሰማራበት ሜዳ ነው። የኩባንያው ሰዎች ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ የጸዳ ጋቢ ለብሰው ጠበቋቸው። የእንግዶቹ አለቃ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ጎልማሳ ነበር። ሜዳው ለጥ ያለና ረጅም መሆኑን አደነቀ፤ ከዚያም አውሮፕላኑ ነዳጅ እንደማይፈልግ፣ በመብራት ብቻ እንደሚሠራ አስረዳ።

የደብሩ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «መብራት የሄደ እንደሆንስ? መብራት እዚህ አገር እንዴት እንደሚሄድ እኛ ነን የምናውቅ። ያን ጊዜ አየር ላይ ያለው ሰው ምን ይውጠዋል?»

«አባታችን፣ ባትሪ ይዞ ነው የሚነሣው» አለ ጎልማሳው።

በእኛ ዘንድ ባትሪ ማለት ማታ ደጅ ሲወጡ ጅብ እንዳለ ለማየት የሚያበሩት ነው። መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። «በሌሊቱስ እሺ፤ በቀን ባትሪ ምን ያደርግለታል?»

እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን በጋቢዬ አፈንሁት። ጎልማሳው አስረድቶ ሲደክመው ወደ ዋናው ጉዳይ ገባ፤ ኩባንያው ሜዳውን ቢመርጥ ኅብረተሰቡ ይስማማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ስለ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት አባቴ ነበሩና ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። አባቴ ያን ዕለት ጠዋት ከብቶቹ ወዴት እንደሚዛወሩ እንኳ ከጎረቤት ጋር ጨርሰው ነበር የመጡት። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስላከበራችሁን እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ኩባንያችሁ የማን ዘር እንደሆነ አናውቅም። ዘመድ እንጠይቅ፣ እንመካከር። ለጊዜው አይሆንም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ያማረ እምቢታ ነበር።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ልቡ ፈቅዶ፣ ለሠርጉ ጌሾ ተወቅጦ ቢያድር እንኳ እምቢ ብሎ ይመልሳቸዋል። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን አራከሰ ይባላል። ጠያቂዎቹም ሳይከፋቸው ተመልሰው ይመጣሉ። አባቴ ለሜዳው ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጎልማሳው ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና አመስግኖ ወደ መኪናው ሄደ። ሮጬ ደረስሁበት። «እምቢ ያሉህ እሺ ሊሉ ነው» አልሁት።

ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኔም ሚስቴን ሽማግሌ ልኬ ነው ያገባሁ። ይገባኛል። ኩባንያው ግን ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። አሁን አባትህ እሺ ይበሉኝና የመዘገብሁትን ልቀይረው።» ኤሌክትሪክ መማሬን ስነግረው ለማንኛውም ብሎ ስልክ ቁጥሬን ያዘ።

ተመልሼ አባቴን ለመንኋቸው። «አባየ፣ እባክዎ፣ መኪናው ሳይነሣ እሺ ይበሉት።»

«በመኪና መስኮት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከልባቸው ከሆነ ይመለሳሉ» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸውም ነበር።

ለሁለተኛው መምጣታቸው ጠላ ተጠመቀ። አባቴ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን የጤና ጣቢያው መኪና ነበር፤ ሌላ ቀን ቢራ የጫነ። ጠላው ሊኮመጥጥ ሲል ሽማግሌዎቹ እንዳይበላሽ ብለው በምክክር ላይ ጨረሱት። እናቴ ማድጋውን እያጠበች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች።

በኋላ ፋብሪካው ሩቅ ክልል መመረጡን ሰማን። የእኛ ሜዳ የቀረው ኅብረተሰቡ ስላልፈቀደ ነው ተባለ። የአርብ ገበያ ሰዎች ስማዳ የሚባል ባገኙ ቁጥር «ሜዳችሁ ቆማ ቀረች አሉ» እያሉ ቀለዱብን። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ ግን አልሳቁም።

ብዙም ሳይቆይ ያ ጎልማሳ ደወለልኝ። እዚያ ፋብሪካው ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እየቀጠሩ ነው፤ ፈቃደኛ ከሆንህ ና አለኝ። አባቴን ያገኘኋቸው ሜዳው ላይ በሬዎቻቸውን ሲጠብቁ ነው። ነገርኋቸው፤ መልስ እስኪሰጡ ድረስም መሬት መሬት አየሁ። አይሆንም ቢሉኝ፣ ዘመድ እንጠይቅ ቢሉኝ፣ ያን ቀን እውነቴን ነው፣ እቀር ነበር።

«ራቅ ይላል?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ አድሮ መድረስ ነው።»

«ዛሬውኑ ደውለህ እሺ በላቸው፤ እንዳያመልጥህ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሬዎቹ እንዳዞሩ።

ሜዳውን እምቢ ላሉት ኩባንያ፣ ልጃቸውን በመጀመሪያው ጥያቄ ሰጡት።