ፊቴን የደበቅሁባቸው ዓመታት

መጀመሪያ የወጣብኝ አገጬ ላይ ነው። ሎንዶን በገባሁ በስድስተኛው ወር፣ ኪልበርን በተከራየኋት ክፍል መስታወት ሳይ፣ መግል የቋጠረ ብጉር ሦስት ቦታ አገኘሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ክረምቱ ሳያልቅ ሁለቱም ጉንጮቼ ተሸፈኑ። በጎኔ መተኛት አቃተኝ።

እኔም አላርፍ አልኩ። እጄ ከፊቴ አይወርድም፤ ያፈረጥኩት ሁሉ ጉድጓድ ትቶብኝ ሄደ። የምተዳደረው ሆቴል ውስጥ አልጋ በማንጠፍ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ሴት አዝናልኝ ከገበያ የገዛችውን ክሬም ሰጠችኝ። በሳምንቱ ፊቴ ለሰለሰ። ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ ተቀባሁት። ለሁለት ቀን ከተውኩት ግን ፊቴ እንደ ፍም ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። መልሼ እቀባለሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ በየደብዳቤው "ፎቶሽን ላኪልኝ" ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜን የቀበሌ ጥበቃዎች ከቤት ወስደውት አልተመለሰም፤ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። "ደህና ነኝ" ብዬ እጽፋለሁ። ፎቶ ግን በዚህ ፊት እንዴት ልላክ? ሲሻለኝ እልካለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ጂፒዬ፣ የሰፈሬ ሐኪም፣ ወደ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሪፈር አደረገኝ። ዶክተሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የክሬሙን ቱቦ አገላብጠው አዩት።

"ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለበት። ቅላቱን ያመጣብሽ እሱ ነው። ዛሬውኑ አቁሚ፤ መጀመሪያ ይብስብሻል፣ እንዳትመለሺበት።"

"ጠባሳውስ?"

"ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።"

አቆምኩ። ባሰብኝ። ፊቴ አበጠ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የነበረች ሴት ተነሥታ ሌላ ወንበር ያዘች። ማልቀስም ፈራሁ፤ እንባው ያቃጥላል።

በዚያው ወር የአክስቴ ደብዳቤ መጣ። እናቴ አርፋለች። "ልጄ እንደ ወንድሟ ሞታ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ ብትኖርማ ፎቶዋን አትከለክለኝም ነበር እያለች ነው የሄደችው" ይላል።

ቁጭ አልኩ። ሌላ የማስታውሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ቴትራሳይክሊን የሚባለውን እንክብል በባዶ ሆድ እየዋጥኩ፣ ፊቴን በለብታ ውሃ ብቻ እየታጠብኩ፣ ወራት ከቆጠርኩ በኋላ ቃጠሎው ቀስ በቀስ በረደልኝ፤ አዲስ ብጉርም መውጣቱ ቀረ። ለጠባሳው ደርማብሬዥን የተባለውን፣ ቆዳን በሚሽከረከር ብሩሽ የመፋቅ ሕክምና፣ ጆሮዬ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞከሩልኝ፤ ነገር ግን ዶክተሯ እንደፈሩት ቦታው ነጥቶ ስለቀረ፣ ተመካክረን ተውነው።

ዛሬም ጉንጬ ወጣ ገባ ነው፤ ነፋስ ሲመታኝ ይቀላል። ዶክተሯ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ስለነገሩኝ ዕድሜ ይስጣቸው። እናንተም ምን እንዳለበት የማታውቁትን ክሬም አትቀቡ። ብጉራችሁን አትነካኩ። ቶሎ ታከሙ። እናት ያላችሁ ደግሞ እስክትድኑ አትጠብቁ። የእኔዋ ያንን ፊት ብታየው "ልጄ አለች!" ብላ እልል ትል ነበር።