የማህሎን ዲትዝ ነፍጥ ሆድ ዕቃ

ሰው የልጅ ልጅ አቅፎ ያረጃል፤ ማህሎን ዲትዝ ቂሙን አቅፎ አረጀ። በፔንስልቬንያ ገጠር እሱና መሰሎቹ የሚሠሩት በአፉ ባሩድና አረር የሚጎርሰውን የቅድመ አያቶቻቸውን ነፍጥ ነው። በየሱቁ ጠመንጃ ሞልቶ ሳለ ለምን? ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው፤ እስኪመሽ ያስተምሯችኋል።

ሃይማኖታቸው አንዲት ናት፦ ጥንት ያልተደረገ አይደረግም። በየዓመቱ በመንደሩ የእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ፈተናውን ያለፈ ነፍጥ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፤ የወደቀው ወደ መኪናው ይመለሳል። ዳኛው ሊሮይ ሞየር ነው፤ ቁልፉ ከአጥንት ያልተሠራ ሸሚዝ ገላውን የሚያሳክከው።

ይኸው ሊሮይ ነው ከዓመታት በፊት የማህሎንን ነፍጥ ችንካር በሰው ፊት አውልቆ፣ ረጅሙን የብረት ቱቦ ከእንጨቱ ያነሣው። ብረቱ የሚተኛበት ቦይ እንደ ሕፃን ቂጥ ለስልሶ ተገኘ።

"ማህሎን፣ ለቅድመ አያትህ መብራት የገባለት መቼ ነው?" አለ ሊሮይ። "ይሄ የኤሌክትሪክ መቦርቦሪያ ነው። የድሮ ሰው ማንም የማያየውን ቦታ አያለሰልስም፤ ምሳው ይበርድበታላ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነትም በኤሌክትሪክ ነበር የቦረቦረው። ቂም ደግሞ እውነት ሲነገረው ይብስበታል እንጂ አይሽርም።

ማህሎን ቤቱ ገብቶ የመሣሪያዎቹን ገመድ ሁሉ ከግድግዳ ነቀለ። በመሮና በመላጊያ ብቻ አዲስ ነፍጥ ጀመረ። የሜፕሉን እንጨት ሲቦረቡር መሮውን የሚመታው "እንካ ሊሮይ፣ እንካ!" እያለ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣" ትለዋለች ሚስቱ ቨርና በር ላይ ቆማ፣ "እየሠራህ ያለኸው ነፍጡን ነው ወይስ ሊሮይን?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው እራትህን እሱ ያቅርብልህ!"

ማህሎን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሊሮይ ያንን ነፍጥ በገዛ እጁ አንሥቶ፣ አዳራሹ እያየ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዲያጋድመው።

ቀኑ ደረሰ። ሊሮይ በትንሽ መዶሻው መትቶ ችንካሩን አወጣ፣ ብረቱን አነሣ፣ ቦዩ ላይ አጎነበሰ።

"የእጅ ሥራ ነው፤ አልክድም" አለ። ማህሎን ፈገግታው ሊያመልጠው ሲል ሊሮይ ቀጠለ፦ "ግን ተመልከቱልኝ፤ የመሮው ጠባሳ እኩል እኩል ነው፣ እንደ ሹሩባ። የድሮው ሰው ቸኩሎ ነው የሻከረበት፤ አንተ ተጠንቅቀህ አሻከርከው። ወንድሜ፣ ይሄ የተቦረቦረው ለብረቱ አይደለም፣ ለእኔ ዓይን ነው። ማስመሰል ነው፤ ውሰደው።"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ማህሎን ግን ንቅንቅ አላለም። በጠረጴዛው ራስጌ የሊሮይ የራሱ ነፍጥ ተጋድሟል፤ የዳኛን ነፍጥ ሆድ ደፍሮ የከፈተ የለም። ማህሎን መዶሻውን ከሊሮይ እጅ ነጠቀ።

"ያንተንም እንየው።"

"ኧረ ማህሎን፣ ነውር ነው!"

"ነውርንስ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

ብረቱ ተነሣ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ቦዩ ውስጥ የመሮ ጠባሳ አለ፤ እኩል እኩል፣ እንደ ሹሩባ።

"አንተስ ለማን ዓይን ነው የቦረቦርከው?"

ሊሮይ "ለሽማግሌው ሄስ" አለ። ሄስ ከእሱ በፊት የነበረው ዳኛ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። "የመጀመሪያ ነፍጤን በሰው ፊት የምድጃ ማገዶ ብሎ ሰደበብኝ።"

ደህና ሰዎች ቢሆኑ እዚህ ላይ ተቃቅፈው ይላቀሱ ነበር። ከኋላ አንዱ "በቃ ሁለቱም ይለፉ፣ የዶሮ ምሳችን ቀርቧል!" ብሎ ጮኸ። ሊሮይም አንገቱን ደፍቶ የማህሎንን ነፍጥ ሊያጋድም እጁን ዘረጋ። ማህሎን ያን ሁሉ ዘመን የተመኘው እጅ ይኸው መጣ።

ማህሎን ነፍጡን ወደ ራሱ ሳበ።

"የለም፤ ሕጉ ያንተ ነው። ሁለቱም ይውረዱ።"

"ዕድሜህን የጨረስክበትን ሥራ?"

"ይውረድ አልኩ!"

አህያዋ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው ለመሞት ተገድዳ ነው፤ ይሄኛው በፈቃዱ ሞተ። የራሱን ነፍጥ ተሸክሞ፣ የወደቀ ነፍጡን ይዞ የወጣውን ሊሮይን እስከ አዳራሹ ግቢ ተከተለው፤ የመኪናውንም በር ከፍቶ ያዘለት። ለሰው እንዲህ ያለ ትሕትና አሳይቶ አያውቅም።