አባቴ በሹክሹክታ የተቆጣኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ቆቃ ወርጄ ነበር። አዳማ ገበያ ላይም ዓሣ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከጀልባ ሲወርድ ካላየሁት ትኩስ አይመስለኝም። አጥማጆቹ የዓሣውን ሆድ ዕቃ እያወጡ ሲወረውሩ ሁለት ፔሊካኖች፣ እነዚያ ከመንቁራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው ትልልቅ ወፎች፣ ከእግራቸው ሥር ይሻማሉ። አንዱ አጥማጅ ሊያባርራቸው አጨበጨበ። ሳላስበው "ተው፣ አታስደንግጣቸው" አልኩት። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝ፤ በሆዱ "ምን አገባት" ሳይል አልቀረም።

ይህ ልማድ የያዘኝ ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት ነው፤ ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ከአርሲ ነገሌ ወረድ ብሎ ባለው የሻላ ሐይቅ መሐል አንዲት ድንጋያማ ደሴት አለች። ፔሊካኖቹ ዓሣ የሚያጠምዱት ጎረቤት ሐይቅ አብያታ ላይ ሲሆን፣ ጫጩት የሚያሳድጉት ግን ሰውም ጅብም በማይደርስባት በዚያች ደሴት ነበር። ኑሯቸውን የሚከታተል ጥናት ተጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ሲፈለግ ስሜን ሰጠሁ። ደመወዝ የለውም።

አባቴ ከከምባታ በወጣትነቱ ወርዶ ዕድሜውን ወንጂ ሸንኮራ ማሳ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። ስነግረው፣ "እኔ ማማ ላይ ወፍ ሳባርር ነው ያደግሁት። አንቺን ያስተማርኩሽ ወፍ እንድትጠብቂ ነው?" አለኝ። እናቴን ተሰናብቼ ሄድኩ።

ደሴቲቱ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበር፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሰው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። ወላጆቹ ደንግጠው ከተነሡ ላባ ያላወጡት ጫጩቶች በፀሐይ ይጠበሳሉ። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከድንኳኔ ወጥቼ ከእንጨትና ከጆንያ የተሠራች መደበቂያ ውስጥ እገባለሁ፤ የምወጣው ሲጨልም ነው። ውሃና ስንቅ የሚያመጡልኝ ባለጀልባው ኦቦ ገመዳም የሚመጡት በጨለማ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ጠንከር ባለበት አንድ ንጋት፣ ከስንቄ ጋር አባቴ ከጀልባው ወረደ። በአንድ እጁ እናቴ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የሠራችው ጭኮ፣ በሌላው ሸንኮራ ይዟል።

"ዕቃሽን ሰብስቢ" አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ። "ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ።"

ናዝሬት፣ ያኔ አዳማን የምንጠራት እንዲያ ነው፣ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ የቢሮ ሥራ አግኝቶልኛል። እንደ አባቴ ያለ ኩሩ ሰው ለዚያ ሥራ ደጅ ጠንቷል፣ አማላጅም ልኳል።

"ሥራ እኮ ይዣለሁ፣ አባባ።"

"ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ሥራ ነው?"

ኦቦ ገመዳ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "እየነጋ ነው። ወይ ሁለታችሁም ግቡ፣ ወይ ማታ እመለሳለሁ።"

"ያለ እሷ አልሄድም" አለ አባቴ። ጀልባዋ ሄደች። እኔ ወደ መደበቂያዬ ገባሁ፤ አባቴም ቁጣውን እንደያዘ ተከተለኝ።

ጉልበታችን ተነካክቶ ተቀመጥን። አባቴ ከማሳው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ድምፅ የነበረው ሰው ነው፤ በሹክሹክታ መቆጣት አያውቅበትም። "የሰው ልጅ ሁሉ ወግ ማዕረግ ሲያይ..." ብሎ ይጀምርና ድምፁ ከፍ ሲል አንዷ ፔሊካን አንገቷን ወደኛ ታሰግጋለች። እሱም ይደነግጥና አፉን ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ ካቋረጠበት ይቀጥላል። መቼም ሰው እንደዚያ ቀን በዝግታ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ንዴቱን ሊያበርድ ሸንኮራውን አነሣ፤ ልጦ ሲነክሰው ግን እንደሚሰበር እንጨት ጮኸ። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ረፋድ ላይ ምድሩ ሲሞቅ ከየጥንዱ አንዱ ጫጩቱ ጋር እየቀረ ሌሎቹ ፔሊካኖች በሞቃቱ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ወደ አብያታ ማምራት ጀመሩ። ሄደው የተመለሱትም ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ። አንዱ ጫጩት ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው እናቱ ጉሮሮ ውስጥ ሲከት አባቴ ክንዴን ጨመቀኝ።

"ዋጠችው።"

"አልዋጠችውም፣ እያጎረሰችው ነው።"

ከዚያ በኋላ ቁጣው እየተረሳው መጣ። ያ ሁሉ የዓሣ ሽታ፣ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ዓይኑን ከመደበቂያዋ ቀዳዳ አላነሣም። ጭኮውን ተካፍለን በላን፤ ቅቤው ቀልጦ በጣታችን ላይ ይወርድ ነበር።

ቀትር አልፎ አንድ አባ ኮዳ መጣ፤ ያ ቄራ የማይለቅ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ። ከዳር ብቻውን ወደቀረ አንድ ጫጩት ቀስ እያለ ተራመደ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ አንድ እጁ ድንጋይ ጨብጧል፣ አፉ ሊጮህ ተከፍቷል። በሁለት እጄ ክንዱን ያዝኩት።

"ከጮህክ ሁሉም ይነሣሉ። አንዱን ስታድን ሌሎቹ ያልቃሉ።"

አባቴ ገፍቶኝ መውጣት ይችል ነበር፤ ጉልበቱ ገና አልደከመም። ጫጩቱ ሲወሰድ አየን። እኔ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ እንባዬም ወረደ። አባቴ ድንጋዩን መሬት ላይ አኖረና ቁጭ አለ።

"ሁሌ እንዲህ ነው?" አለኝ ቆይቶ።

"አልፎ አልፎ።"

"አንቺም ዝም ትያለሽ።"

"ምን ላድርግ፣ ዝም እላለሁ።"

ሲጨልም ኦቦ ገመዳ ደረሱ። እኔ ዕቃዬን አልሰበሰብኩም፤ አባቴም ሰብስቢ አላለኝም። ግንባሬን ሳመኝና ብቻውን ጀልባዋ ላይ ወጣ። ኦቦ ገመዳ ፋኖሳቸውን ከፍ አድርገው "ልጅቱስ?" አሉት።

"ሥራ ላይ ናት" አለ አባቴ።

እህል ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ይቅርታ እንደጠየቀ፣ አማላጆቹም እንደተቀየሙት የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔም በወፍ ጥናት እንጀራ በልቼ ጡረታ ወጣሁ። አባቴ ከማረፉ በፊት አንድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ፣ "ያን ቀን በመጨረሻ ገባህ አይደል?" አልኩት።

"ኧረ አልገባኝም" አለ። "አሁንም አልገባኝም። የነጋዴው ሥራ ይሻልሽ ነበር።"

ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ ከሞተ በኋላ ግን አለቀስኩበት። ሰው የሚፈቅድልን ሲገባው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሳይገባው፣ አንገቱን ደፍቶ ነጋዴውን ይቅርታ እየጠየቀ ለቀቀኝ። የኔ ልጅ ደግሞ ዛሬ መሐንዲስነቱን ትቶ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የካርቱን ሥዕል ያንቀሳቅሳል። ለምን እንደሆነ ስንቴ አስረዳኝ፤ አልገባኝም። ልጮህበት እነሣና እቀመጣለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ "ሥራ ላይ ነው" እላለሁ።