ዘገዬ የላከኝ ጥያቄ

ዘገዬ ትንኝ ፈላጊ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት እንዲህ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ የድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ሰው እስኪበቃው ስቆበታል። ባለሱቋ ዐስሊ ባየችው ቁጥር፣ "ዋሪያ ዘገዬ፣ ዛሬስ ስንት ትንኝ አሰርክ?" ትለዋለች። እሱ ግን ጧት ጧት ጭልፋውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ከከተማ ይወጣል፤ ኩሬ ለኩሬ፣ ቦይ ለቦይ አጎንብሶ የወባ ትንኝ እጭ ሲቀዳ ይውላል። እኔ የሚሠራበት የወባ መከላከያ ቢሮ ኃላፊ ነበርኩ። አጎንብሼ አላውቅም።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ዘገዬን እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ነበር። ዝናብ ጠፍቶ፣ ኩሬው ሁሉ ደርቆ፣ ድሬ በፀሐይ ስትጠበስ ወባው ይብሳል። "ጋሽ ፍቅሬ፣ ትንኟ የት ነው የምትፈለፈለው?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! "ፈልጋታ" እለዋለሁ።

ጥያቄውን ከአምስት ዓመት የሕሙማን ቁጥር ጋር ጽፎ ለአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ላከ። እንደ ደንባችን የእኔን ስም ከራሱ ስም በላይ አስቀመጠ። ተቀበሉት፤ ለአንድ ሰው የአውሮፕላን ትኬትም ሰጡ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ እንደ ልጅ ዘለለ። "እዚያ የሚመጡት እኮ ይኼንን በአገራቸው አይተውታል! እኛ አምስት ዓመት የለፋንበትን አንዱ ሻይ እየጠጣ ይነግረናል" አለኝ።

ከዚያ ይሉኝታ መጣ። እኔ ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል፤ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስጠኝ አላልኩትም። ብቻ "አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ልጄ" አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ዛሬ ምን እደብቃለሁ፤ ሆን ብዬ ነው ዝቅ ያደረግሁት። በማግስቱ መጥቶ፣ "ጋሽ ፍቅሬ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ብሄድ ነውር ነው" አለኝ። አንዴ "ኧረ ተው" አልኩት። ሁለተኛ አላልኩም።

ሄድኩ። ጥያቄው የታተመበትን ትልቅ ፖስተር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ በአዲሱ ሙሉ ልብሴ አጠገቡ ተገተርኩ። ከህንድ የመጣች አንዲት ተመራማሪ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ታወራኝ ጀመር። እንግሊዝኛዋ ፈጠነብኝ። ፈጠነብኝ እላለሁ እንጂ ጥያቄውስ መቼ የእኔ ነበርና! ራሴን እየነቀነቅሁ ፈገግ አልኩላት። እንዳልገባኝ አውቃ ይሆናል፣ በመጨረሻ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። ኪሴ ከተትኩትና ፎቶ ልነሳ ሄድኩ።

ዘገዬ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን እንኳ ሳይዝልኝ "ምን አሉ?" አለ። ወረቀቱን ረስቼዋለሁ፤ ምንም ሳይገባኝ መቆሜን ለመናገር ደግሞ አፈርኩ። "በጣም ወደዱት" አልኩት።

"ወደዱት ብቻ?" አለና ሻንጣውን አነሣ።

ከተመለስኩ በሁለተኛው ወር ሚስቱ ሰርካዲስ ታመመች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወባ ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ በአምስተኛው ቀን ግን ከነፅንሷ አረፈች። እሱ ትንኝ ሲያሳድድ ትንኝ ቤቱ ገባች ብሎ የቀለደ አንድም ሰው አልነበረም። ዐስሊም ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች።

ለለቅሶው ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሼ ነበር። መሐረብ ስፈልግ ወረቀቱ እጄ ላይ መጣ። ቀላል እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ብገልጠው ኖሮ ይገባኝ ነበር። "ኩሬ ላይ አትፈልጉ። የእኛም ከተማ እንዲህ ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን የውሃ በርሜል እዩ፤ ክደኑት" ይላል።

ልደብቀው አሰብኩ። እግዜር ይወቅልኝ፣ አሰብኩ። ግን ከህንድ የመጣች ተመራማሪ የጻፈችው መሆኑን ነግሬ ሰጠሁት።

አነበበውና ጓዳ ገባ፤ ተከተልኩት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰርካዲስ ሁለት በርሜል ሞልታ ታስቀምጥ ነበር። በስልኩ አበራበት። እጩ ይርመሰመሳል። በርሜሎቹን ከመኝታቸው የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው።

ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ። ቢመታኝም። እሱ ግን መብራቱን ከውሃው ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ "ሌላስ ምን አለች፣ ጋሽ ፍቅሬ?" አለኝ።

ብዙ ብላ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ ነግራኛለች። አልሰማኋትም።