የክርስትና አባቱ እያለሁ ጎሚስታው ተመረጠ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የሌላ ሰው ስም ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ... በዚህ ዕድሜዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪሩቤል የሚባል የክርስትና ልጅ አለኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ መኮንን እዚህ ኮሎምበስ ከመጣሁ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። አምና ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ቤት ተቀመጠ። ውሎውም አዳሩም ሲበላሽ ጊዜ፣ ትምህርት ላቋረጡ ልጆች የተከፈተ ወታደራዊ ሥርዓት ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ፀጉራቸውን ይላጫሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ይሮጣሉ፣ አልጋቸውን ያነጥፋሉ፣ ከዚያ ክፍል ገብተው ይማራሉ።

እያንዳንዱ ልጅ ታዲያ አንድ ሜንተር ይመርጣል። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ እዚያ እየሄደ የሚጠይቀው፣ ሲወጣም የሚከታተለው ትልቅ ሰው ማለት ነው። ምርጫው የልጁ ነው ተባለ። እኔ እንኳን ስለ ምርጫው አላሰብኩም... ክርስትና ካነሳሁት ከእኔ ሌላ ማን አለው? ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ ሱፌን አስተኮስኩና የቤተሰብ መጠየቂያው ቀን ከወላጆቹ ጋር ሄድኩ።

መንገድ ላይ እናቱ አስቴር ሁለት ሦስቴ «ጋሽ ደረጀ... አንድ ነገር...» ብላ ጀምራ ተወችው። እኔም ደስታ ይዟት ነው ብዬ አለፍኩት።

በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ስም ዝርዝር ይዛ ቆማለች። ወላጆቹን መዘገበችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሜንተሩ ነህ?»

«አዎን!» አልኳት አፌን ሞልቼ።

ወረቀቷን አየችና ስቲከር ጽፋ ሰጠችኝ። «ጀማል» ይላል።

ጀማልን አውቀዋለሁ። ሞርስ ሮድ ላይ ጎሚስታ ነው፤ የእኔንም ጎማ ስንቴ ለጥፎልኛል። በዲቪ የመጣ፣ ገና ልጅ እግር! «ስህተት አለ፣ እኔ ጀማል አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስቲከሩን ሱፌ ላይ ለጠፍኩት። አስቴር አየችኝና አንገቷን ደፋች። ለካ መንገድ ላይ ልትነግረኝ የፈለገችው ይህንን ነበር።

ኪሩቤል ቀጥ ብሎ መጣ። ያ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሰላም ስንለው ከስልኩ ቀና የማይል ልጅ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ጫማው እያብለጨለጨ! እናቱ አቅፋው አለቀሰች። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ደረቴ ላይ ቀረ።

«ጋሼ... ዛትስ ኖት ዩር ኔም።»

«አውቃለሁ! ክርስትና ያነሳሁህ እኔ፣ የመረጥከው ጎሚስታውን! ምን በደልኩህ?»

«ናቲንግ፣ ሰር።»

ሰር አለኝ! ለማያውቀው አለቃ የሚለውን።

«እሺ፣ እሱስ ምን አደረገልህ?»

«ጋሼ ሁልጊዜ ስለ እኔ ከዳዲ ጋር ነው የምታወራው። ጀማል ግን ጎማ ልናስለጥፍ ስንሄድ እኔን ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ለምን ድሮፕ አውት እንዳደረግሁ።»

አምና ስንት እሑድ ለሽምግልና ብዬ እነሱ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ከመኮንን ጋር «እንዲህ ይደረግ፣ እንዲያ ይሁን» ስንባባል ልጁ ፎቅ ክፍሉ ውስጥ ነበር። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚያናግረው አባትን ነው። ደረጃውን ወጥቼ አንድ ቀን እንኳ በሩን አላንኳኳሁም።

ይህን ሳስብ ጀማል እየሮጠ ደረሰ። የእጁ ጥቁረት አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ይዞኝ ነው የዘገየሁት» ብሎ ጎንበስ አለልኝ። ስቲከሩን ላጥ አድርጌ ሰጠሁት። ለምን እኔ ጋ እንደተገኘ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ጨዋነቱ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ሁለቱ አጥሩን ታክከው እየተራመዱ ሲያወሩ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ኪሩቤል ሳቀ። እኔ ይህንን ልጅ ያሳቅሁት መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው መኪና፣ በሰው ቤት ቀንቼ የማላውቅ ሰው፣ በአንድ ጎሚስታ ቀናሁ።

ስንወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ጀማልን ለብቻው ያዝኩት።

«ለመሆኑ ለምን ነበር ትምህርቱን የተወው?»

«እሱን ቢጠይቁት ይሻላል፣ ጋሼ» አለኝ በትህትና።

ይባስ ብሎ ምስጢር ጠባቂም ሆነብኝ!

ከትናንት ወዲያ ለኪሩቤል ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ እዚያ ግቢ ስልክ አይፈቀድም። ብዕሩ በራሱ ወደ ምክር እየሄደ አስቸገረኝና ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በአራተኛው «ትምህርትህን ለምን ተውክ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ።

ጀማል መልሱን አስቀድሞ እንደሚያውቀው ልቤ እያወቀ... ከሥሩ «ለእኔ ብቻ ንገረኝ» ብዬ ጨመርኩበት።