ጥያቄዬ ያስቆመው እጅ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንዲት ተማሪዬ እርጥብ የፍየል ቆዳ በፌስታል ይዛ ዩኒቨርሲቲ ቢሮዬ ገባች።

"መምህር፣ ብራና እንዴት እንደሚፋቅ ያሳዩኝ" አለችኝ።

ሽታው ከጎንደር ወጣ ብሎ ወዳለው ኮሶዬ፣ ወደ ብራና ፋቂው አያ ታከለ ግቢ መለሰኝ። ያኔ እኔም ተማሪ ነበርኩ። በአካባቢው ብራና መሥራት የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ዓይናፋር ስለሆንኩ ጥያቄዎቼን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ፣ የድምፅ መቅረጫ ይዤ ሄድኩ። የሚፋቀው የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሯል። አያ ታከለ ቢላዋቸውን ባነሡ ቁጥር እኔ እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ቢላዋውን አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ይመልሱልኛል።

"ኧረ ይሄ ቆዳ ሳይፋቅ ፍየል ሆኖ ይነሣል!" አሉ ባለቤታቸው።

"ዝም በይ! እንግዳ እያናገረኝ ሥራ ልሠራ? ነውር አይደለም?" አሏቸውና ወደ እኔ ዞረው፣ "ጠይቂ ልጄ፣ ሸጋ ነው።"

ጠየቅኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ቆዳው ሳይፋቅ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብዬ ሳስብ አያ ታከለ አረፉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀረጽኩትን ሁሉ አዳመጥኩት። የእኔ ጥያቄና የእሳቸው መልስ እንጂ፣ ቢላዋ ቆዳ ሲነካ የሚሰማበት አንድም ቦታ የለም። እኔ ግን በዚያ ጥናት ተመርቄ፣ በዚያው ተቀጥሬ አስተምራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዬ ፊት ቆዳውን ወጥሬ ቢላዋ አነሣሁ። ከየት እንደሚጀመር ስላላወቅኩ ከመሃል መፋቅ ጀመርኩ። ተማሪዬም ደብተሯን ከፍታ፣ "ከመሃል ይጀመራል" ብላ ጻፈች።