ጋሼ ታረቀኝ የተሸከሙልኝ ነውር

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ ሰቆጣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻና ደብዳቤ ሲጽፉልን፣ የመጣልንንም ሲያነቡልን የኖሩት አቶ ታረቀኝ ባለፈው ሳምንት ዐርፈዋል። በቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው ስለ ቸርነታቸው ተናገረ። እኔ ግን ስለ አንድ ስሕተታቸው ልናገር ነው፤ ቅር የሚለው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ጋሼ ታረቀኝ ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው የጻፈውን ሰው ጠባይ ይናገሩ ነበር። «ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው እንግዳም ከደጅ ይመልሳል፤ ጎረቤት ሳይቀር በስም እየጠራ እንዴት ናችሁ የሚል ትዳር ያቆማል» ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። መርዶ ያለበት ደብዳቤ ሲገጥማቸው ደግሞ ጎረቤት አስጠርተው፣ የደብዳቤውን ባለቤት አስቀምጠው እንጂ አያነቡም ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሁመራ የሚሠራ ደሳለኝ የሚባል የአገራችን ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ ለአባቴ ሦስት ደብዳቤ ላከ። አባቴ ለገበያ ሲወጡ ይዘዋቸው ሄዱ። ጋሼ ታረቀኝ አነበቡና፣ «ይህ ሰው የሰው ልብ ያደምጣል። በሦስቱም ‹ትምህርቷን አላስተጓጉልባትም› ብሏል። ስጡት» አሉ። አባቴ ቃላቸውን ሰጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ትምህርቴን ካልነካብኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ቃል ሊታሰር ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት የአበርገሌ እናት ልጃቸው ከሁመራ የላከላቸውን ደብዳቤ አምጥተው ለጋሼ ታረቀኝ ሰጡ። ከፍተው ሲያዩት ደነገጡ። የእጅ ጽሕፈቱ የደሳለኝ ነው፤ ሰላምታውም አባባሉም ያው ነው። ለካ ለሁለቱም የጻፈው እንደ እሳቸው ለእንጀራው የሚጽፍ ሌላ ሰው ኖሯል። «የጸሐፊውን ጠባይ ለባለጉዳዩ ሰጠሁት» አሉኝ ኋላ ሲነግሩኝ። «ዕድሜዬን በሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ይህ እንዴት ይጠፋኛል?»

ቃል በሚታሰርበት ዕለት በእግራቸው መጥተው፣ ላብ በላብ ሆነው ቤታችን ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ደሳለኝም ከሁመራ መጥቷል። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ልጄ፣ ትማራለች ያልኸው የራስህ ቃል ነው?» ብለው ደሳለኝን ጠየቁት።

ደሳለኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ። «ጸሐፊውን አሳምረህ ጻፍልኝ አልኩት እንጂ ምን እንዳለ አላውቅም። እኔስ ሁመራ ይዣት ልሄድ ነው።» እውነቱን ተናገረ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

አባቴ ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል። መጀመሪያ በኽምጣንጋ ጮኹ፤ ቀጥለው፣ «ስጡት ያሉኝ እርስዎ፣ ዛሬ ቃልዎን አፍርሱ የሚሉኝም እርስዎ?» አሉ።

ጋሼ ታረቀኝ ጋቢያቸውን አደግድገው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። አባቷ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ነውሩ የእኔ ይሁን። ልጅቷን ግን ጠይቋት» አሉ።

ተጠራሁ። «አልሄድም፤ እማራለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። ጋሼ ታረቀኝ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ደገሙልኝ።

ነውሩም የእሳቸው ሆነ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ አላነጋገሯቸውም፤ ትዳር አፍራሽ ብሎ የሸሻቸው ባለጉዳይም ብዙ ነው። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ የማንንም ጠባይ ገምተው አያውቁም። ደብዳቤ ሲሰጧቸው አስቀድመው፣ «ማን ነው የጻፈው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኝና አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው መልሰው ወደ ወረቀታቸው ያቀረቅሩ ነበር።

ጋሼ፣ ሊጠይቁኝ የፈለጉት ገብቶኝ ነበር። አባቴን አስከፍቼ፣ እርስዎን አሳፍሬ ያገኘሁት ኑሮ ያን ያህል ዋጋ ነበረው ወይ የሚል ነው። እኔም መናገሩን ፈርቼ ከዓመት ዓመት ሳሳድረው ቀደሙኝ። ደኅና ይሂዱ፤ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።